የዝናብ ወር አጥሚት

ትሪሹር፣ ኬረላ፣ ህንድ
ነሐሴ 3 ቀን

ውድ ወዳጄ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ቢያስቀይምሽ አልፈርድብሽም። «አዩርቬዳ እንደሚባለው የህንዶች ጥንታዊ ሕክምና ወቅቱን ተከትዬ መብላት እፈልጋለሁና የየወሩን የምግብ ዝርዝር ላኪልኝ» ያልሽበትን ደብዳቤ ለመመለስ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ዝርዝሩን መገልበጥ ቀላል ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ይሠራ እንደሆነ ግን ልቤ አልቆርጥ አለ፣ ነገሩም ሲያድር ኀፍረቱ ከጥያቄው ይልቅ ከበደኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ አጥሚት ነው። እዚህ ካርኪዳካም የሚሉት ወር ከሐምሌ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ዝናቡ የሚበረታበት፣ በድሮው ዘመንም ጎተራ ይራቆትበት የነበረ ወር ነው። በዚህ ወር መድኃኒትነት አለው የሚባል የሩዝ አጥሚት ይጠጣል። የቤት አከራዬ፣ ሰው ሁሉ «አምማ» እያለ የሚጠራቸው ሴት፣ በ60 ቀን ያህል ይደርሳል የሚባለውን ኛቫራ የተሰኘ ሩዝ ፈርሶ እስኪላቆጥ ይቀቅሉና የኮኮናት ወተት ያክሉበታል። የቅመሙን ቋጠሮ ፈትቼ ያየሁ ዕለት ሳቄ መጣ፤ አብሽ፣ ከሙን፣ ነጭ አዝሙድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፌጦ! ሆዳችንን በቆረጠን ቁጥር እናቴ ታስውጠን የነበረው ፌጦ እዚህ አሻሊ ተብሎ ድስት ይገባል። አምማ መጨረሻ ላይ ቅቤ ጠብ ያደርጉበታል፤ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ግን ቅቤ ያልነካውን ለእኔ ለይተው ያስቀምጡልኛል።

ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፋቸው ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ይከፍላል፤ የምግቡ ነገር የሚመዘነው ግን አግኒ በሚሉት የሆድ እሳት ነው። በብርድ ወራት ውጪው ቅዝቃዜ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚዘጋው እሳቱ ይነድዳል፤ ስለዚህ ወተት፣ ቅቤ፣ ጣፋጭና ከበድ ያለ ምግብ ይሰጠዋል፣ ማገዶ ካጣ የራሱን ሰውነት ይበላልና። በጋው ያደከመው ሰውነት ዝናብ ሲመጣበት ግን እሳቱ ፈጽሞ ይዳከማል፣ ቫታ የሚሉት የነፋስ ባሕርይም ይናወጣል፤ ያን ጊዜ ትኩስና ለሆድ የሚቀልል፣ ጥቂት ጎምዛዛ፣ ጨውና ቅባት ያለው ምግብ፣ ከርሞ የቆየ እህልና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይመከራል። ስለ ሌሎቹ ወቅቶች አላደክምሽም። ብቻ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚያልቀው ወቅት የመጨረሻ 7 ቀንና የሚጀምረው ወቅት የመጀመሪያ 7 ቀን መሸጋገሪያ ነውና፣ አመጋገቡ ቀስ እያለ ይለወጣል እንጂ በአንድ ጀንበር አይገለበጥም።

እንደምታውቂኝ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ቫታ በመሣሪያ የሚለካ ነገር ነው ብዬ አላምንም። ወንዝ በሚደፈርስበትና እህል በሚሻግትበት ወር የፈላ ውሃና ትኩስ አጥሚት ማዘዝ ግን ማስተዋል እንደሆነ አልክድም። ልትሞክሪው ብትፈልጊ እንኳ ለእናትሽ አትስጪያቸው፤ አብሽ የደም ስኳር ስለሚቀንስ፣ ከሚወስዱት የስኳር መድኃኒት ጋር እንዳይደራረብ አስቀድሞ ሐኪማቸው ይጠየቅ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። በዚህ ትምህርት ብርድ የሆድን እሳት ያበረታል፣ ዝናብ ያዳክማል። የኬረላ ዝናብ ሞቃት ስለሆነ ችግር የለበትም፤ የአዲስ አበባ ሐምሌ ግን ዝናብም ብርድም ነው። ታዲያ ዝናቡን አይተሽ ቀለል ያለውን ትበዪ፣ ወይስ ብርዱን አይተሽ ጠንከር ያለውን? ይህንኑ አምማን ብጠይቃቸው፣ መልስ በመስጠት ፈንታ «አገራችሁ በዝናብ ወር ጠዋት ስትነሡ ይርባችኋል?» አሉኝ። አሰብሁ፣ አሰብሁ፤ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አልፎኛልና ማስታወስ አቃተኝ። እስቲ ክረምቱ ሳይወጣ ጻፊልኝ፤ ባለፈው ሐምሌ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ጠዋት ስትነሺ ይርብሽ ነበር?

ናፋቂሽ