የክሊኒካል መምህር የጠፋው ለምንድን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የነርሲንግ ትምህርት ክፍሎች «የክሊኒካል መምህር»፣ ማለትም ተማሪዎችን ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ አጠገብ ሆኖ ተግባሩን የሚያስተምር ሰው፣ «አጣን» ማለት ከጀመሩ ቆዩ። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቀኑ ይራዘማል፣ እንደገና ይወጣል። እኔም ተማሪ ይዤ ዋርድ (የሆስፒታል የሕሙማን ክፍል) የምውል ነርስ ነኝና አንድ ነገር ልበል። ሰው አልጠፋም። ሥራው ነው ሰው የማያቆየው።

እስቲ ማስታወቂያውን አንብቡት። ሁለተኛ ዲግሪ፣ ቢቻል ሦስተኛ፣ የታተመ ጥናት። የዋርድ ልምድ መጨረሻ ላይ «ቢኖር ይመረጣል» ተብሎ ይለጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለአጠቃላይ ነርስ ቢያንስ 4,600 ሰዓት ሥልጠና ያዛል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ከታካሚ ጋር የሚሠራ ተግባር ነው። ታዲያ ይህን ግማሽ የሚሸከመውን ሰው በወረቀቱ ብቻ መምረጥ ምን ይሉታል?

ብዙ ቀጣሪ ኮሚቴ ሥራውን በቅርብ አይቶት አያውቅም። አንዲት ተማሪ ፖታሲየም ክሎራይድ በሲሪንጅ ቀድታ ወደ ታካሚው ስትሄድ አስቡ። ሳይበረዝ ደም ሥር ውስጥ ከተገፋ ልብ ያቆማል። መምህሩ ታካሚውን ሳያስደነግጥ፣ እሷንም ሳያሸማቅቅ «ቆይ እስቲ፣ የያዝሽው ምንድን ነው? በስንት ፈሳሽ ነው የሚበረዘው?» ብሎ ማስቆም አለበት። በዚያችው ደቂቃ ሌሎች ሰባት ተማሪዎች ሌሎች አልጋዎች ጋ ናቸው። አንድ ጆሮው እነሱ ጋ ነው። ጎበዝ ነርስ መሆን ብቻውንም አይበቃም። እጁ የፈጠነ ባለሙያ ተማሪው ሲንቀረፈፍ ትዕግሥቱ ያልቅና «ተወው፣ እኔው ልሥራው» ይላል። አለቀ፣ ያን ቀን ትምህርት የለም።

ደመወዙን ሁሉም ያውቀዋል። ሲኒየር ነርስ የአዳርና የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ትቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ገቢው የሚቀንስበት ቦታ ብዙ ነው። ይባስ ብሎ ዕድገቱ በሚያሳትመው ጽሑፍ ይለካል። ቀኑን ሙሉ ዋርድ ቆሞ የዋለ ሰው መቼ ይጽፋል? ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ ጥሎ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 5.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደሚጎድሉ ገምቷል። አስተማሪው ከሄደ ይህን ጉድለት ማን ያሠለጥነዋል?

«ሲሙሌሽን አለ»፣ ማለትም በታካሚ ምትክ በአሻንጉሊት መለማመድ ይቻላል፣ የሚሉ አይጠፉም። አለ፣ ይጠቅማልም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት እስከ ግማሽ የሚሆነውን የተግባር ሰዓት ሊተካ እንደሚችል አሳይቷል። ግን በሠለጠነ መምህር ሲመራ ነው። አሻንጉሊቱ ብቻውን አያስተምርም።

እኔ የምለው፣ ነርሷን ከዋርድ አታስለቅቋት። ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው በጋራ ይቅጠሯት። ከሳምንቱ የተወሰነውን ቀን ታካሚ ትይ፣ የቀረውን ታስተምር፤ ደመወዟን ሁለቱ ይካፈሉት። አለበለዚያ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጇ ይረሳል፣ የምታስተምረውም የድሮውን ይሆናል። ለዕድገትም በማስተማር የሚለካ የክሊኒካል መምህራን መስመር ይኑር። ይህ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ለጀማሪውም የመጀመሪያውን ሴሚስተር ስምንት ተማሪ ከመጫን ከነባር መምህር ጋር ማጣመር ይሻላል።

ለመምህርነት ያመለከተው በሚፈተንበት ቀን ደግሞ ስላይድ አቅርብ አትበሉት። ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) አስገቡትና አንድ ጀማሪ ተማሪ ስጡት፤ ካቴተር (የሕክምና ቱቦ) ማስገባት ያስተምር። ከፈታኞቹ አንዷም የዋርድ ኃላፊ ነርስ ትሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የነርሲንግ መምህር