አምባሳደሮቹን ስለ ሥራቸው ጠይቁልን

ውድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ኪሎ የምማር የአራተኛ ዓመት የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ነኝ። ጋዜጣችሁን አባቴ አንብቦ እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው ያደግኩት።

ሰሞኑን ካዛንቺስ አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በዲፕሎማሲ ሥራ ረጅም ዘመን የቆዩ ሦስት ሴቶች ከተማሪዎች ጋር ተገናኝተው ነበር። ሰኔ 17 በዲፕሎማሲ ላይ ያሉ ሴቶች ቀን ተብሎ በዓለም ይታሰባል፤ የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ዝናቡ አራት ኪሎ ላይ ያዘኝ፣ ታክሲ ጠፋ፣ በእግሬ ወርጄ ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ ገባሁ። ደግ አደረግኩ። እዚያ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

መድረክ መሪው ለመጀመሪያዋ እንግዳ ያቀረበው ጥያቄ «ቤትዎንና ሥራዎን እንዴት አስማምተው ያዙት?» የሚል ነበር። ለሁለተኛዋም ያንኑ። ሦስተኛዋን ደግሞ «ባለቤትዎስ ምን ይሉ ነበር?» አላቸው። ግማሹ ሰዓት በዚህ አለቀ። ጥያቄው አይጠየቅ አልልም፤ ልጅ ይዞ ከአገር አገር መዞር ምን እንደሚመስል እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። አንደኛዋ ልጃቸው በየምድብ ቦታው ትምህርት ቤት ሲቀይር፣ ጓደኛ ባገኘ ማግስት ጓዝ ሲጠቀለል የሆነውን ሲነግሩን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነው የሰማቸው። ግን ወንድ አምባሳደር ይህን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። እሱም እኮ ልጆች አሉት።

ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «አንድ ቃል ላይ አልስማማም ብሎ ድርቅ ያለ አገር ሲኖር ምን ታደርጋላችሁ?» አለች። ሦስተኛዋ እንግዳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው!

ያልተስማሙበት ቃል የስምምነቱ ረቂቅ ላይ በቅንፍ ውስጥ ይገባል አሉን። ቅንፉ እስኪነሳ ድረስ ሰነዱ አላለቀም። አንዳንዴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርባ ቅንፍ ይቀራል፣ ሰው ሁሉ ደክሟል፣ ከዋና ከተማ የሚጠበቀው መመሪያ አልመጣም፣ አስተርጓሚዎቹ ሰዓታችን አልቋል ብለው ሄደዋል። ያኔ የሚሠራው ሥራ መድረክ ላይ የለም፤ ቡና ማሽኑ ጋ ነው፣ ኮሪደር ላይ ነው፣ የዚያኛውን አገር ሰው «አለቃህ የፈሩት ምኑን ነው?» ብሎ በግል መጠየቅ ነው። በእንግሊዝኛው «ሻል» ካለ ግዴታ ነው፣ «ሹድ» ካለ ምክር ነው፤ በዚህች አንድ ቃል ምክንያት ሦስት ቀን ሙሉ ሲከራከሩ እንደከረሙም ነገሩን።

ሲያልቅ ጠጋ አልኳቸው። ደብተሬን ተቀበሉኝና በእርሳስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ሁለት ድንበርተኛ አገሮች የወንዝ መረጃ ስለመለዋወጥ የሚል። መሀሉ ላይ ሁለት ቃል በቅንፍ አስገቡ። «እስቲ ልጄ፣ አንቺ አንሺው» አሉኝ። አንድ ቃል ሞከርኩ። «ይሄንን የላይኛው አገር ይፈርመዋል?» አሉ። ሌላ ሞከርኩ። «የታችኛውስ?» አሉ። አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት እዚያች አንዲት መስመር ላይ ተፈተነ።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መገናኘት «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣሊያኖቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈውን እንደ ግዴታ ቆጠሩት። አንድ ግስ ነው አድዋ ያደረሰን። በዚያ ክርክር የጣሊያኑን መልእክተኛ አንቶኔሊን ፊት ለፊት ከተጋፈጡት አንዷ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የቃል ጦርነት ላይ ሴት የገባችው ዛሬ አይደለም ማለቴ ነው።

ወደ እናንተ ልምጣ። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዝዳንት ሲሆኑ ገና የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። ጋዜጣው ሁሉ «የመጀመሪያዋ ሴት» ብሎ ጻፈ። ልቤ ሞልቶ ነበር፣ ያንን ገጽ ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ግን አሁን ሳስበው፣ እሳቸው እኮ ከእ.ኤ.አ. 1993 እስከ 2002 ጂቡቲ አምባሳደር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉ ጂቡቲ ወደብ ላይ ሲወድቅ እዚያ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሳምንት ማን ጋ ሄዱ? ምን ጠየቁ? ምን ተከለከሉ? እኔ ማንበብ የምፈልገው ይህን ነው። የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደራችን ዮዲት እምሩም፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገሉት አምባሳደር ቆንጂት ሥነጊዮርጊስም ብዙውን ጊዜ የሚነሡት በፎቶና በማዕረግ ነው።

የምንኖረው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ከመቶ በላይ ኤምባሲ ያለባት ከተማ። ከርቸሌ የነበረበት ቦታ ላይ የቆመው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ውስጥ ደቡብ አፍሪካዊቷ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 የኅብረቱን ኮሚሽን መርተዋል። በየቀኑ በአጠገቡ በታክሲ እናልፋለን፤ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የምናውቀው መንገድ በስብሰባ ምክንያት ሲዘጋ ነው።

ጡረታ የወጡት አምባሳደሮች እዚሁ ናቸው፤ ቦሌ፣ ሳር ቤት፣ ገርጂ። አብዛኞቹ ማስታወሻ አልጻፉም። እባካችሁ ሂዱና ጠይቁልን። የትኛው ቃል ላይ እንደተሸነፉ፣ የትኛው ላይ እንደረቱ፣ ረቂቁን ማን እንደጻፈው ጠይቁ። አምባሳደሮቹን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ያደሩትን ሁለተኛና ሦስተኛ ጸሐፊዎችም ፈልጉ፤ እነሱ መሀል ብዙ ሴቶች አሉ፣ ስማቸውን ግን ማንም አያነሣውም።

የሚሠራ ሰው ካጠራችሁ እኛ አለን። ከክፍሌ ስድስት ሆነን ተነጋግረናል፤ ጥያቄ እናዘጋጃለን፣ የተቀረጸውን ድምፅ ቁጭ ብለን ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን። ክፍያ አንፈልግም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነን።

አክባሪያችሁ፣
የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ