በልግ ሳይገባ ለሰማይ ቤታችን ጣሪያ ድረሱለት

ጅማ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የሠፈራችን ወላጆችና መምህራን፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በውጭ ሀገር የምትኖሩ የጅማ ልጆች፤ ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ይህ ለሰማይ ቤታችን፣ ማለትም ልጆች ከጉልላት ሥር ተቀምጠው በፕሮጀክተር የሚበራ የኮከብ ሰማይ ለሚያዩበት አዳራሻችን፣ አራተኛው ጥሪያችን ነው። በራችሁን ደጋግመን እንዳንኳኳን እናውቃለን፤ ኑሮው ለማንም እንዳልቀለለ እናውቃለን። ቢሆንም ዝም ብንል በልግ ሲገባ የምንጠይቅለት ነገር አይተርፍም። ስለዚህ እንደገና መጥተናል።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ባለፈው ነሐሴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረ ዝናብ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ከምሥራቅ በኩል ወረደ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ሲመለስ ከርሟል፤ ከቆርቆሮው ሥር ሆኖ ጣሪያውን የሚሸከመውን እንጨት፣ ካፕሪያታውን፣ ደግሞ ምስጥ በልቶታል። ጥበቃችን ደውለው ሲጠሩን ገና አልነጋም ነበር። በሩን ስንከፍት ምንጣፎቹ ውሃ ላይ ተንሳፍፈዋል። ጉልላቱ ቆሟል፤ ግን ግራጫው ቀለም በየቦታው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንጠልጥሏል፤ ጉልላቱ የለበሰው ስስ እንጨት፣ ኮምፔርሳቶው፣ አብጦ መጋጠሚያዎቹ ተከፍተዋል። ከግድግዳው ኖራና ሲሚንቶ እያጠበ የወረደው ውሃ ምስሉን በጉልላቱ ላይ የሚበትነው መስታወታችን ላይ ተንጠባጥቦ ነበር። ጠብታዎቹን ብንጠርግም ምልክታቸው አልጠፋም። የመስታወቱ የብር መልክ ያለው ሽፋን አሉሚኒየም ስለሆነ የኖራ ውሃ ይበላዋል። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አጎንብሳ አየችና «ፊቱ ፈንጣጣ ወጣበት» አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ለአዲስ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ያ እሑድ ማለዳ፣ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና በወለጋና በላሊበላ በኩል የቀለበት ቅርጽ ያለው ግርዶሽ ሲታይ፣ እኛ ጅማ ላይ ከፊሉን ለማየት ልጆቹን ሰብስበን ነበር። ደመና ዘጋብን። ሃያ ልጆች አንገታቸውን አቅንተው ግራጫ ሰማይ ሲመለከቱ ቆዩና ወደየቤታቸው ሄዱ። ጅማ ደግሞ ከመጋቢት እስከ መስከረም ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ ቡናችንንና ማራችንን የሰጠን ያው ደመና ኮከቦቹን ይነሣናል። ታዲያ ደመና የማይዘጋው ሰማይ ቤት ውስጥ ብንሠራስ የሚለው ሐሳብ የተወለደው በዚያው ሳምንት በእድሩ ቤት በቡና ላይ ነው።

ሐሳቡ በዓለም አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ቫልተር ባወርስፌልድ በዛይስ ኩባንያ የሠራው ኮከብ የሚያሳይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1923 በሙኒክ ጉልላት ላይ ሲበራ ሰው በቀን ብርሃን የሌሊት ሰማይ አየ። የዚያ ዓይነቱ መሣሪያ ዋጋ እኛ የምናስበው አይደለም። ለእኛ መንገድ የከፈተልን አውስትራሊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፖል ቡርክ ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ ተራ ፕሮጀክተር፣ ሆዱ ወደ ውጭ የተነፋ መስታወትና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ይበቃሉ። ፕሮጀክተሩ ምስሉን ወደ መስታወቱ ይልካል፤ መስታወቱ በጉልላቱ ላይ ይበትነዋል። መስታወቱ እንደሚያጣምመው ስለሚታወቅ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ምስሉን በተቃራኒው ያጣምመዋል፤ ሁለቱ መጣመሞች ተጣፍተው ኮከቡ ጉልላቱ ላይ በቦታው ይወድቃል። ይህን ስሌት የሚሠራው ስቴላሪየም የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በነጻ ይገኛል። ለፕሮግራም አንድ ብር አላወጣንም።

ጉልላቱን የሠሩት የራሳችን አናጢዎች ናቸው። የጅማ በርጩማ የሚፈለፍሉ እጆች ናቸው፤ ኩርባ ያውቃሉ። ወለሉ መሐል ላይ አንድ ሚስማር መቱ፤ ሁለት ሜትር ተኩል ሲባጎ አሰሩበት፤ እያንዳንዱን የጉልላት ቅስት በዚያ ሲባጎ ለኩት። ሲባጎው የላላበትን ወይም የተወጠረበትን ቅስት አውርደው እንደገና ላጉት። አንዱ ቅስት ሦስት ጊዜ ወርዷል። «ጣት የምታህል ብትሳሳት ማን ያያል?» ብለን ስንለምናቸው ዋና አናጢያችን «ኮከቡ ያያል» አሉን። ለእጃቸው የተቀበሉት ከሚገባቸው ሲሶ አይሆንም። ይህን የምጽፈው «ለአናጢ ስንት ተከፈለ?» የሚል ጥያቄ ከአንድ በላይ ሰው ስላነሣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተጠየቅነው ግን «ለምን ጉልላት? ግድግዳ ላይ ብታሳዩ አይበቃም ነበር?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግድግዳ ላይ ያለ ሰማይ በመስኮት እንደሚታይ ሥዕል ነው፤ ልጁ ፊት ለፊቱ ያየዋል እንጂ ከሥሩ አይቀመጥም። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ ስለማትሞላ የሰሜን ኮከብ ለእኛ ክንዳችንን ዘርግተን ከጨበጥነው ጡጫ ባነሰ ከፍታ ላይ፣ ከአድማሱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቆመው፤ ከኮረብቶቻችን ጀርባ ስለሚሸሸግ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን በሙሉ ሳያየው ይኖራል። ከሱ በተቃራኒ፣ ፊታችንን ወደ ደቡብ ብናዞር፣ አውሮፓ ያለ ልጅ ከቤቱ የማያየው የደቡብ መስቀል ይወጣል። ሁለቱን ጫፍ በአንድ ሌሊት ማየት የእኛ ሀብት ነው፤ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ይህን ማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ጉልላቱ ሥር የተቀመጠ የአሥር ዓመት ልጅ ግን አንገቱን ሲያዞር ሳይነገረው ይገባዋል።

«ነጭ ቀለም ርካሽ ሆኖ ሳለ ለምን ውድ ግራጫ ገዛችሁ?» የተባልነውም መልስ አለው። ጉልላት ከውስጥ ክብ ስለሆነ በአንዱ ወገን ያረፈ ብርሃን ነጥሮ ሌላውን ወገን ያበራል። ነጭ ቢሆን ጨረቃ በወጣች ቁጥር ጨለማው ሁሉ ወተት እንደገባበት ቡና ይነጣና ደካሞቹ ኮከቦች ይጠፋሉ። ካረፈበት 100 እጅ ብርሃን 40 የሚመልስ ግራጫ ከሆነ ግን ለዐይናችን 40 ሲደርስ ሁለት ጊዜ ነጥሮ የሚመጣው 16 ብቻ ነው። ምስሉ ይደበዝዛል፤ ጨለማው ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሰማይ ያለ ጨለማ ምንም ነው። መጀመሪያ ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን ግራጫ ቀብተን አይተን ነው የወሰንነው፤ በዚያ ምሽት የነበራችሁ ምስክሮቻችን ናችሁ።

የመስታወቱም ነገር እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ያመጣነው ሱቆች ጥግ ላይ የሚሰቅሉትን ክብ መስታወት ነበር። ርካሽ ነበር፤ ግን ሽፋኑ ከጀርባው ስለሆነ ብርሃኑ አንድ ጊዜ ከፊቱ፣ አንድ ጊዜ ከጀርባው እየተመለሰ እያንዳንዱን ኮከብ መንታ አደረገብን። ስለዚህ ሽፋኑ ከፊት የሆነ ሌላ ገዛን። ሁለት ጊዜ መስታወት የገዛነው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው አሁንም በእድሩ ቤት አለ፤ ማንም መጥቶ ሊያየው ይችላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እስከ ሐምሌ 2017 የሰበሰብነው በጠቅላላው 486,350 ብር ነው። ለጉልላቱ እንጨት፣ ኮምፔርሳቶ፣ ስቱኮ፣ ቀለምና የእጅ ዋጋ 171,200፤ ለአገልግሎት ላይ የዋለ ፕሮጀክተርና ኮምፒውተር 118,500፤ ለሁለቱ መስታወቶች 14,650፤ ለመብራት መስመር፣ ለመጋረጃና ለምንጣፍ 26,400 ብር ወጥቷል። ቀሪው 155,600 ብር ባንክ ነበር። ጣሪያው ሲወርድ ፍርስራሹን ለማንሣትና ለጊዜው በሸራ ለመሸፈን 38,000 ብር አወጣን፤ 117,600 ብር አለ። ደረሰኞቹን የእድሩ ሒሳብ መርማሪዎች ተራ በተራ አይተው ፈርመውባቸዋል። «ገንዘቡ ተበላ» የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሣ አላውቅም፤ መዝገቡ ግን ክፍት ነው።

ባንክ የቆየው 155,600 ብር ለምን ቆየ? ይህን የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም የተሟገትኩበት እኔ ነበርኩ። በ2016 መጀመሪያ ሙሉውን ጉልላት ከመሐል የሚሞላ ባለ 180 ዲግሪ ሌንስ እንግዛ ብዬ ኮሚቴውን አሳመንኩ። መስታወቱ ከበስተኋላ የተወሰነውን የጉልላት ክፍል አያዳርስም፤ የምስሉ ጥራትም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ያ ያንገበግበኝ ነበር። የተጠየቅነው 4,200 ዶላር ሲሆን በጊዜው ምንዛሪ 240 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ሁለት ሦስተኛውን ልንሞላ ተቃርበን ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ፤ ያው ሌንስ ከ540 ሺህ ብር በላይ ሆነ። በእጃችን የነበረው ከሲሶ በታች ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስልቼ አየሁ። የዚህ ሌንስ ምስል ክብ ነው፤ የፕሮጀክተራችን ግን 1,920 በ1,080 ነጥብ ያለው አራት ማዕዘን። ክቡ በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ሲቀመጥ ከነጥቦቹ 44 በመቶውን ብቻ ይጠቀማል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ብርሃን በከንቱ ይቀራል። አምስት ሜትር ስፋት ያለው ጉልላታችን ደግሞ 39 ካሬ ሜትር የሚሸፈን አካል አለው፤ ለዚያ ሁሉ ብርሃን ያስፈልገናል። ሌንሱ መሐል ላይ መቆም ሲኖርበት መስታወቱ ግን ከዳር ይቀመጣልና መሐሉን ለልጆቹ ይተውላቸዋል። ስለዚህ የሌንሱን ሐሳብ ትተናል። ያን ገንዘብ ያኔውኑ ለጣሪያው ካፕሪያታ ብናውለው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍን ነበር። ይህ ያሳዝነኛል፤ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

በተረፈ የተሠራው ሥራ ራሱ ይናገራል። ጥቅምት 2016 ከተከፈተ ጀምሮ በእንግዳ መዝገባችን 4,218 ስም ተጽፏል፤ በአንድ ዙር 25 ሰው እያስገባን። አንድ ረመዳን ሊገባ ሲል የመስጊዳችን ሼህ መጥተው አዲሷ ጨረቃ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ የት እንደምትታይ ለልጆቹ በጉልላቱ ላይ አሳዩ። በሳምንቱ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቆጠራ፣ የሚያስተምሩ መሪጌታ መጥተው የጨረቃን ሌሊት እንዴት እንደሚቆጥሩ አስረዱ። በኋላ አንድ ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ተገናኝተው ስለ ጨረቃ ብዙ ተነጋገሩ። እኔ ቡና ይዤ ቆሜ ሰማኋቸው፤ ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የአልዴባራን፣ የሪጌል፣ የቤቴልጅዩስ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ መሆናቸውን ያወቁ የመድረሳ ልጆች በኩራት ሲደጋግሟቸው መስማት ራሱ ደስታ ነበር።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ለጣሪያው፣ ማለትም ለአዲስ ካፕሪያታ፣ ለቆርቆሮ፣ ለኮልሞ (ለጣሪያው አናት መክደኛ) እና ለሰፊ አሸንዳ 230,000 ብር፤ ለጉልላቱ ጥገና 85,000 ብር፤ ለፕሮጀክተርና ለመስታወት 160,000 ብር፤ በድምሩ 475,000 ብር። በእጃችን ያለው 117,600 ሲቀነስ 357,400 ብር ይጎድለናል። የድሮው ፕሮጀክተር ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ሌንሱን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ግን እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሻጋታ በመስታወቱ ውስጥ ተዘርግቷል። እርጥበት ያመጣው ነው። አዲሱንም ያው ዕጣ እንዳይደርሰው አንድ ብር ለዕቃ ሳናወጣ ጣሪያው ይከደናል፤ ይህን በቃለ ጉባኤ አጽንተናል።

ገንዘብ ገቢ የሚደረገው በእድሩ ስም በተከፈተው የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ የእድሩ ማኅተም በተመታበት የደረሰኝ ጥራዝ ጀርባና በእድሩ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ያለ ሦስት ፊርማ አንድ ብር አይወጣም። ከጅማ ውጭ ያላችሁ ቁጥሩን ከቤተሰባችሁ በኩል ከሰሌዳው አስጠይቁ። በማንም ግለሰብ ስልክ በቴሌብር ላኩ ቢሏችሁ እባካችሁ አትላኩ፤ እኛ አይደለንም። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ለገንዘብ ያዣችን ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ገንዘብ የሌላችሁ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ እንጨት ወይም የአንድ ቀን ጉልበት ብታመጡ በዋጋው መዝግበን ደረሰኝ እንሰጣለን። ሙስሊም ወገኖቻችን፣ የሚጠቅም ዕውቀት ለተማሪ እስካገለገለ ድረስ የማይቋረጥ ሰደቃ መሆኑን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ክርስቲያን ወገኖቻችን፣ ገና ቀርቧል፤ ከበዓሉ ወጪ ላይ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ብትለዩልን ትልቅ ነገር ነው። ከእንጨት ሥራ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልተለያችሁን ደግሞ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈለው፤ አላህ ይቀበላችሁ።

አናጢዎቹ ጥር መጨረሻ ላይ ካፕሪያታውን ማቆም ይጀምራሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው 230,000 ብር እስከ ጥር 20 መሙላት አለበት። በድጋሚ፦ በእድሩ ስም የተከፈተው የኮሚቴው ሒሳብ ብቻ፤ ቁጥሩ ማኅተም ካለበት ደረሰኝ ጀርባና ከእድሩ ቤት ሰሌዳ ላይ፤ በግለሰብ ስልክ ፈጽሞ አይደለም፤ ደረሰኝ ሳይዙ አይሄዱም።

የኮሚቴው ጸሐፊ፣ በኮሚቴው አባላት ስም