የመጀመሪያውን ደብዳቤ አጋዘን በላው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብ። ስትቸኩል ግማሹን እንደምትዘል አውቃለሁ።

ባለፈው በስልክ «ማን ቤት ነው ያደርከው? ምን አበሉህ?» ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ይሄ ደግሞ ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን አጋዘን በላው። ቀልዴን አይደለም።

ጃፓን የመጣሁበት ስልጠና ኦሳካ ከተማ ነው። ለቅዳሜና እሁድ ግን በየቤተሰቡ ደለደሉንና እኔ ናራ ደረሰኝ፤ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሁለት አያቶች፣ ባልና ሚስት፣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ። ሁሉም በር ላይ ወጥተው ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል እነሱ ገና ናቸው። እንደገና ጎንበስ። እነሱ ቀና ሲሉ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። «ኖር!» ብዬ ልገላገል ምንም አልቀረኝ። ልጅ ሆኜ ትልቅ ሰው ሲገባ ሳልነሳ ስቀር ጭኔን የመዘለግሽኝ ትዝ አለኝ። ያ ቁንጥጫ ጃፓን ድረስ ጠቀመኝ።

ጠዋት አያቷ ይዘውኝ ወጡ። ስማቸው አልያዝልህ ስላለኝ እማማ ነው የምላቸው። እሳቸውም «አቤት» እንደማለት ዞር ይላሉ።

የሄድነው አጋዘኖቹ ያሉበት ፓርክ ነው። ከ1,000 የሚበልጡ አጋዘኖች ከሰው ጋር እየተጋፉ ይውላሉ። አስፋልት ሲያቋርጡ ሾፌሩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የዱር ናቸው፣ ባለቤት የላቸውም። ድሮ አንድ አምላካቸው በነጭ አጋዘን ተቀምጦ ወደ ናራ መጣ ይላሉ። ስለዚህ መልእክተኞቹ ናቸው፣ አይነኩም። እዚህ ጋ እንደምታማትቢ አውቃለሁ።

200 የን ከፍለሽ ብስኩት ትገዢላቸዋለሽ። ከሩዝ ፉርሽካና ከዱቄት የተጋገረ ነው፣ ስኳር የለውም። ቀምሼዋለሁ። ጨው የረሳሽው ቂጣ በይው። ብስኩቱን ከፍ አድርገሽ ስትይዢ አጋዘኑ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ ይነሳል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እኔም ሳላስበው መልሼ እጅ ነሳሁት። እማማን ሳቅ ሊገላቸው። ካዘገየሽበት ግን ጨዋነቱ ያልቅና በግንባሩ ይጎሽምሻል። እኔ ከፊት ካለው ጋር ሰላምታ ስለዋወጥ ሌላው ከኋላ መጥቶ ከኪሴ ብቅ ያለውን ወረቀት ላፍ አደረገው። ሦስት ገጽ ሙሉ ነበር። ብጎትት ብጎትት በእጄ የቀረው «ይድረስ ለውድ» የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያ ቶዳይጂ የሚባለው ቤተ መቅደሳቸው ገባን። አትጨነቂ፣ አይቼ ብቻ ነው የወጣሁት። ውስጡ 15 ሜትር ገደማ የሚሆን የነሐስ ቡድሃ ተቀምጧል። በፈረንጅ 752 ነው የተመረቀው፤ ላሊበላ ከመፈልፈሉ ከ400 ዓመት በላይ ቀድሞ። ቤቱ እንጨት ነው። ሁለት ጊዜ በጦርነት ተቃጥሏል። አሁን የቆመው በ1709 ያለቀው ነው፣ ወርዱ 57 ሜትር። የድሮው ከዚህም ይሰፋ ነበር ሲሉኝ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁና ዝም አልኩ። በጀርባው በኩል ከሥሩ የተበሳ አንድ ምሰሶ አለ። ቀዳዳው የቡድሃውን የአፍንጫ ቀዳዳ ያህላል አሉ። በሱ ሾልኮ ያለፈ ይባረካል። እማማ ቀዳዳውን አዩ፣ ሆዴን አዩ፣ እጃቸውን አወዛወዙ። «ከስተሃል» ትዪኝ የለ? ይኸው ምስክር።

አባባ፣ የእማማ ባል፣ እግራቸውን ስለሚያማቸው ቤት ነው የዋሉት። እራት ላይ «ኢትዮጵያ» ስል ቾፕስቲካቸውን አስቀምጠው «አበበ!» አሉ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ፣ በእኛ ጥቅምት 1957፣ ተማሪ ነበሩ። በቴሌቪዥን አይተውታል። አበበ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና አምስት ሳምንት ገደማው ነበር። ማራቶኑን አሸንፎ ሣሩ ላይ እንዴት ስፖርት እንደሠራ ሊያሳዩኝ አባባ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው እግራቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። እማማ ተቆጡ። የእግሩ ሕመም የት እንደገባ እንጃ። የእነሱ ሯጭ ጹቡራያ ስታዲየሙ ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ፣ እዚያው እንግሊዛዊው አልፎት ሦስተኛ ወጣ። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። 60 ዓመት አልፎት እንኳ ያንገበግባቸዋል።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ማታ «እንግዳ ይቅደም» ብለው ገንዳ ሙሉ ሙቅ ውሃ አዘጋጁልኝ። መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ በሳሙና ታጥበሽ ትለቃለቂያለሽ፣ ከዚያ ገብተሽ እስከ አንገትሽ ትዘፈዘፊያለሽ። እኔ ስጨርስ እንደ ጨዋ ልጅ ውታፉን ነቅዬ ውሃውን ለቀቅኩት። ለካ የቤተሰቡ ሁሉ ነው! በተራ የሚገቡበት ነው። የአምስት ሰው ውሃ ደፋሁ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ዝም ብለው እንደገና መሙላት ጀመሩ። ልጅቷ ብቻ ከበሩ ጀርባ አፏን ይዛ ስትንከተከት ሰማኋት። የልብስ እጣቢውን ለወለል፣ የአትክልት እጣቢውን ለጽጌረዳ ስታደርጊ ያሳደግሽው ልጅ ነው ይህን የሠራው። ለጎረቤት እንዳታወሪብኝ።

የምበላውንም አትስጊ። ሩዝ፣ ዓሣ፣ ሾርባ ነው፤ ሳህኑ ትንሽ ነው እንጂ ቁጥሩ ብዙ ነው።

የደም ግፊት ክኒንሽን እንዳታቋርጪ። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለሽ እንደምትተዪው ነግረውኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ። የሰጠሽኝን ጋቢ ለአባባ ትቼላቸው መጣሁ። እግራቸው ላይ ጣል ያደርጉበታል። አይከፋሽም ብዬ ነው። ለእኔ ሌላ ጥጥ ከአሁኑ መፍተል ብትጀምሪ እስክመጣ ይደርሳል።

ልጅሽ