150 ቁራጭ ያለው ሳጥን ሳይገዛ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የቤት መኪና የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚያየው ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ሳጥን የታጨቀውን፣ «150 ቁራጭ» የተባለውን የመፍቻ ስብስብ ነው። ይህ ደብዳቤ በዓምዳችሁ እንዲወጣ የምንፈልገው ያ ሳጥን ሳይገዛ በፊት እንዲነበብ ነው። በቤት ለሚሠራ ሥራ ከዚያ ሳጥን ውስጥ የሚነሡት አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እነዚያው አሥራ አምስቱ ከለስላሳ ብረት ስለሚሠሩ የጠበቀ ቡሎን ሲገጥማቸው አፋቸው ይከፈታል፣ ቡሎኑንም ያበላሹታል። በዚያው ገንዘብ ጥቂት ግን የማያሳፍር ዕቃ ነጥሎ መግዛት ይሻላል።

በደሴና በኮምቦልቻ ጎዳና የምናያቸው እንደ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ያሉ መኪኖች የቡሎናቸው ራስ በአብዛኛው 10፣ 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ነው። የባትሪ ሞርሴቶ (ሽቦው ከባትሪው ጋር የሚታሰርበት) በ10 ይፈታል፣ የሞተር ዘይት ማፍሰሻው ታፖ (መድፈኛ) በ14፣ ጎማውን የሚያስረው ዳዶ በ21። ስለዚህ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 መፍቻ፣ የእነዚሁ ቡሶላ (የቡሎኑን ራስ ከላይ የሚያጠልቅ ክብ መፍቻ) ከእጀታው ጋር፣ አንድ ጠፍጣፋና አንድ ባለ መስቀል ቁጥር 2 ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ ለጀማሪ ይበቃሉ። 13 ቁጥር በብዛት የሚያስፈልገው ለአውሮፓ መኪና ነው። ቡሶላ ሲገዛ ውስጡ ይታይ። ስድስት ማዕዘን ያለው የቡሎኑን ጎን ይዞ ያዞራል፤ አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው ግን የሚይዘው ጠርዝ ጠርዙን ስለሆነ የዛገ ቡሎን ላይ ጠርዙን በልቶ ክብ ያደርገዋል። አፉ የሚሰፋና የሚጠበውን መፍቻ ለጀማሪ አንመክርም። ሲላላ ቡሎን ይበላል፣ እጅም ያቆስላል።

ገንዘብ ካነሰ መጀመሪያ የጎማው ዕቃ ይሟላ። ክሪክ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እጀታ ያለው 21 ቁጥር የጎማ መፍቻ፣ ሁለት የእንጨት ወይም የጎማ ሽብልቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ የአየር መለኪያ፣ እንዲሁም 25 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ። ጣውላውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በክረምት የመንገድ ዳር አፈር ሲረጥብ ክሪኩ መኪናውን በማንሳት ፈንታ ራሱ ወደ መሬት ይሰምጣል፣ ከዚያ ይዘማል። ጣውላ ከሥሩ ከገባ ክብደቱ ይሰራጫል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የደሴ ሰፈሮች ተዳፋት ስለሚበዛባቸው ከቤት ደጃፍ ይልቅ ትንሽ ነድቶ ደልዳላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ አንድ ይግባ፣ አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ ይሁን። ከሚነሳው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለው ጎማ ከፊትም ከኋላም ሽብልቅ ይደረግበት። ዳዶዎቹ መኪናው ሳይነሳ እያንዳንዳቸው ግማሽ ዙር ይላላሉ፤ ጎማው አየር ላይ እያለ ቢታገሉት መኪናው ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል። ክሪኩ የሚገባው በሩ ሥር፣ ከጎማው አጠገብ ባለው ጠንካራ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አለው። ጎማው እንደወጣ ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) በሩ ሥር ተጋድሞ ይቀመጥ፣ ክሪኩ ቢያመልጥ መኪናው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስኮርታውን ለመግጠም ሲወጣ የተፈታው ጎማ ቦታውን ይያዝ።

ሲገጠም የዳዶው ሾጣጣ ጎን ወደ ቸርኬው (ጎማው የተገጠመበት ብረት) ይዞራል። በእጅ ተጠምዝዞ መኪናው ከወረደ በኋላ በመስቀለኛ፣ ማለትም አንዱን ቀጥሎ ትይዩውን እያሉ ማጥበቅ ነው። ለቪትዝና ለኮሮላ የፋብሪካው ልክ 103 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ነው። 40 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ሩብ ኩንታል ያህል ክብደት ማሳረፍ ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው መፍቻው ላይ ወጥቶ ቢቆም ግን 275 ገደማ ይደርሳል። ይህ የጎማውን ቡሎን ይስበዋል፤ የተሳበ ቡሎን ዛሬ ባይበጠስ ሌላ ቀን፣ ምናልባትም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል። ጥርሱንም ዘይት አትቀቡት፤ ዘይት የነካው ዳዶ በተመሳሳይ ጉልበት ከልኩ በላይ ይጠብቃል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው። ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ያለ ብረት ማቆሚያ ስታንድ እግሩን እንኳ ማስገባት የለበትም። ስታንድ ካልገዛችሁ ከሥር የሚሠራውን ሁሉ ለጋራዥ ተዉት።

አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ልኩ የሾፌሩ በር ውስጥ ተለጥፏል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ግን ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የወረደ ጎማ ስለሚግል ጥቂት ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጨምሮ ቢታይ አይተንፍስ፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ልኩ ይመለሳል።

የእኛ መንገድ ከሌላው የሚለይበትን እንንገራችሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሞተሩ ይህን ሁሉ ይወጣል። ደሴ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ብዙ ሞተር ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው የሚሠራው። ልዩነቱን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 1.1 ተብሎ የሚይዘው ግፊት የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ውሃው ከ115 ዲግሪ በፊት እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ግን መኪናው ሐረጎ ላይ ያፈላል፣ ባለቤቱም ራዲያተር ለማስቀየር ይሄዳል። ስለዚህ ኮፋኖው ሲከፈት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ፣ ክዳኑን አውጥቶ ጎማውን ማየት ልማድ ይሁን። በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል። ውስጥ የሚገባው ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻውን ዝገትና ዝቃጭ ያመጣል።

ለባትሪ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል፣ በደሴ ብርድ ጠዋት ሊያስቸግር ይችላል። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 መካከል ካላሳየ ችግሩን ባትሪውን የሚሞላው ዴናሞ ወይም እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ላይ ፈልጉ፤ አዲስ ባትሪ መግዛት አያድንም። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይቆያል፤ ፖዘቲቩ እየተፈታ መፍቻው ቦዲውን ቢነካ በኃይል ይተኩሳል። ሞርሴቶው ላይ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ ሞርሴቶውን ቫዝሊን ቀቡት።

ዘይት ለመቀየር ስታንድ፣ ሰፊ ሳፋና የፊልትሮ መፍቻ ይጨመራል። 1ኤንዜድ የተባለው 1.5 ሊትር የቶዮታ ሞተር ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ይወስዳል። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣታችሁ አረጋግጡ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ከገባ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል። የአዲሱ ፊልትሮ ጎማ በዘይት ተቀብቶ፣ ሞተሩን ከነካ በኋላ ፊልትሮው በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ ይጠበቃል። ያረጀው ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይሰጥ፤ ቦይ ውስጥ የተደፋው ቦርከና ነው የሚገባው።

ፍሬንን በተመለከተ የዕቃችሁ ዝርዝር ውስጥ ምንም አታስገቡ። የፍሬን ዘይቱን ደረጃ እዩ፣ ከቀነሰ የፍሬን ሸራው አልቋል ወይም የሚያፈስ ቦታ አለና ወደ መካኒክ ውሰዱት። ዝም ብሎ መጨመር ምልክቱን መደበቅ ነው።

በጋዜጣችሁ በኩል ሁለት ጥያቄ ለማቅረብ እንወዳለን። የመፍቻ ነጋዴዎች 10፣ 12 እና 14 ቁጥሮችን በነጠላ፣ ጥራታቸውን ለይተው ይሽጡልን። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችም ሠልጣኙ ከመመረቁ በፊት አንድ ጎማ በእጁ ፈትቶ እንዲገጥም ያድርጉ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ከአክብሮት ጋር
የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያዎች፣ ከኮምቦልቻ