በስልክ የሸሸሁት ጥያቄ

ቡዳፔስት፣ መስከረም 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። የዓይንዎ ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ ማንበብ እንደጀመሩ እህቴ ስለነገረችኝ፣ በስልክ የሸሸሁትን በደብዳቤ ልመልስልዎ ተነሣሁ። ባለፈው እሑድ «ያለህበት አገር ከእንግዲህ ዲሞክራሲ አይደለም ተባለ ይላል ሬዲዮው፤ እውነት ነው?» ሲሉኝ፣ ወሬውን ወደ ልጄ ጥርስ መነቀል አዞርሁት። ጥርሱስ በእርግጥ ወልቋል፤ ሁለት ናቸው።

የተባለው እውነት ነው። መስከረም 5 ቀን የአውሮፓ ፓርላማ፣ ሀንጋሪ ምርጫ የሚካሄድባት አምባገነናዊ አገዛዝ ወደመሆን ሄዳለች ሲል በ433 ድምፅ ወስኗል። እኔም እስማማለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ የሚያውቁት ዓይነት አይደለም። ታንክ አልወጣም፣ ሌሊት በር የሚደበድብም የለም፤ ሁሉም የተሠራው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ የሕዝብ ድምፅ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ አገኘ፤ ይህም ሕገ መንግሥቱን ብቻውን ለመለወጥ የሚበቃ ነበርና በዓመቱ ለወጠው። የዳኞችን የጡረታ ዕድሜ ከ70 ወደ 62 አውርዶ አንጋፋዎቹን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። የምርጫ ሕጉንም እንደገና ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከመቶ 45 በማይሞላ ድምፅ ከ199 መቀመጫ 133ቱን ያዘ። እንደ ሰኞ ገበያ ነጋዴ፣ እህሉን ሳይነኩ ቁናውን ለወጡት።

እኛስ ኦርባን ሁለት ሦስተኛውን ባገኘበት ዓመት፣ በእኛው በ2002፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ሲወስዱ ምን ብለን ነበር? በቤታችን ስለዚያ አንድ ቃል አልተነገረም። ለእኛ ቤት ነገሩ ያለቀው በ1997 ነበርና።

አባባ፣ ስለዚያ ደብተር ተነጋግረን አናውቅም። የምርጫውን ውጤት ከሬዲዮ እየሰማሁ፣ ወረዳ በወረዳ፣ በእርሳስ ያሰፈርሁበት ነበር፤ መስመር ማስመርን ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ሰኔ ላይ እማማ ቡና አፍልታ ሳለ ከእጄ ወስደው፣ ጀበናው ከእሳቱ ሳይወርድ፣ ቅጠል በቅጠል እየቀደዱ ከሥሩ ማገዱት። ቶናውን በዚያ እሳት ጠጣን፤ እርስዎም እንደ ወትሮው ዱዓ አደረጉ። ስለ ታላቄ ሲሉ ፈርተው እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ሌላ ልጅ የሚያጡበት አቅም አልነበርዎትም። ነገር ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያን አያውቅምና፣ መንግሥትን ሳይሆን እርስዎን ነበር ለዓመታት የተቀየምሁት። ያስተማሩኝን ሁሉ፣ ለትምህርቴ የሸጡትንም መሬት አልረሳሁም፤ ሆኖም ቂሙ ከምስጋናው ቀድሞ እጄ ላይ መጣ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሳልረሳው፣ ቆቦ በኩል ውጊያው ስላገረሸ የደም ግፊት ኪኒንዎን የሦስት ወሩን በአንድ ላይ ይግዙ፤ ገንዘቡን ለእህቴ ልኬያለሁ። አምና ደሴ በተያዘች ጊዜ ከወር በላይ ድምፅዎን ሳልሰማ እንደቆየሁት ዳግመኛ መቆየት አልችልም። እባክዎ «አብሽር» ብቻ ብለው አይለፉኝ።

ሊነግሩኝ ከሚገባዎ ይልቅ ልነግርዎ የሚገባኝ አንድ ነገር ቀርቷል። በዚህ ወር፣ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ በየመንገዱ ስለተለጠፉት የመንግሥት ማስታወቂያዎች ጥቂት ቀልጄ ነበር። በማግስቱ የልጄን የጫማ ማሰሪያ እያሰርሁላት፣ የማታውን ለአስተማሪዋ እንዳትነግር አስጠነቀቅኋት። ማንም አላስፈራራኝም፣ የጠየቀኝም የለም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ መቅረቡ ብቻ ትዝ አለኝ። ከአፌ የወጣው ግን የእርስዎ ቃል ነበር፤ «የቤት ወሬ ከደጅ አይወጣም»።

«ለምን?» አለችኝ፣ በሀንጋሪኛ።

እኔም ያን ቀን ምድጃው አጠገብ ቆሜ ለምን ብዬ ጠይቄዎ ነበር፤ የመለሱልኝን ግን አላስታውስም። የሚያስታውሱት ከሆነ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ