መጀመሪያ የሚያቆመውን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽልኝን ዝርዝር ደጋግሜ አነበብኩት። ሰፋፊ ቸርኬ፣ ድምፁ የሚጎላ ጭስ ማውጫ፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ አዲስ ቀለም። መኪናዋን ምን ያህል እንደወደድሻት ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. የ1965 ሼቭሮሌት ሲ-10 ፒክአፕ ሻንሲዋ፣ ማለትም መላ አካሏን የሚሸከመው የታችኛው ብረት፣ ካልበሰበሰ ገንዘብም ጊዜም ቢፈስባት አያስቆጭም። የምለምንሽ ቅደም ተከተሉን እንድትለውጪው ነው። በዝርዝርሽ ውስጥ ስለ ፍሬን አንድም ነገር የለም።

ያቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ አራቱም እግሯ ላይ ያለው ታምቡር ፍሬን ነው፤ ሸራው፣ ማለትም የሚታከከው የፍሬን ልባስ፣ ከበሮ በሚመስል ብረት ውስጥ ተከፍቶ ይይዛል። የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሬን ዘይቱ የሚያስተላልፈው ማስተሯም ባለ አንድ ክፍል ነው። የፊቱም የኋላውም ፍሬን የሚሠራው በአንድ ዘይት ስለሆነ አንዲት ቱቦ ካፈሰሰች ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ በሌላ በኩል የሚይዝልሽ የለም። ሼቭሮሌት ራሱ ለ1967 ሞዴል ማስተሩን ለሁለት ከፈለው፤ በ1971 ደግሞ የፊት ፍሬኑን ዲስክ አደረገው፤ ይህ ከቸርኬው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት በሁለት ጎን በሸራ ተጨምቆ የሚያዝበት ፍሬን ነው። አንቺም ይህንኑ አድርጊ፦ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር፣ ከፊት ዲስክ። የኋላው ታምቡር ሆኖ ቢቀር አይጎዳሽም፤ በብርቱ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይዘለል። ታምቡር ፍሬን መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት ይዞ የሚቆይ ቫልቭ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማስተሩ ውስጥ ነው። ዲስክ በዚያ መስመር ላይ ከተገጠመ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እየታከከ ይሄድና ይግላል። ሁለተኛው ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ነው። ፒክአፕ ካሶኒው ባዶ ሲሆን ኋላው ቀላል ነው፤ ያ ቫልቭ ከሌለ ድንገት ስትይዢ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይታሰሩና መኪናዋ ጅራቷን ወደ ጎን ትጥላለች። መካኒኩ «ያለሱም ይሠራል» ካለሽ ሌላ መካኒክ ፈልጊ።

የጎማ ቱቦዎቹን ደግሞ ከውጭ ደህና ቢመስሉም ሁሉንም ለውጫቸው። ያረጀ ቱቦ የሚያብጠው ከውስጥ ነው። ፔዳሉን ስትረግጪ ኃይል ስላለ ዘይቱ ያልፋል፤ ስትለቂው ግን የሚመልሰው ኃይል ትንሽ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፣ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ ሰውም ቱቦውን ሳይጠረጥር ሸራ ሲቀይር ይከርማል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ እሱንም አፍስሰሽ አዲስ ሙይ።

ቸርኬው ለምን መቆየት እንዳለበትም ልንገርሽ። የአንቺ መኪና ቸርኬ በ6 ብሎን የሚታሰር ነው፤ የፊት ዲስኩ ከ1971 እና ከዚያ በኋላ ካሉት ሲ-10ዎች ከተወሰደ ግን በ5 ብሎን ነው። ዛሬ ያማረ ባለ 6 ቀዳዳ ቸርኬ ብትገዢ ነገ አይገጥምልሽም። ብሎኑ ቢገጥም እንኳ የድሮው ቸርኬ ውስጡ ጠበብ ካለ ከዲስኩ መያዣ ጋር ይጋጫል። መጀመሪያ የፍሬኑ ሥራ ይጠናቀቅ፣ ከዚያ ቸርኬው ተለክቶ ይገዛል። ጎማ ስትገዢ ጎኑ ላይ የታተሙትን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች እዪ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የቆመ መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃልና በጥርሱ አትታለይ።

ከፍሬን ቀጥሎ እንቅልፍ የሚነሳኝ የነዳጅ ታንከሩ ነው። በእነዚህ መኪኖች ታንከሩ ያለው ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ከጀርባሽ ቤንዚን ተሸክመሽ መንዳትሽን አልፈልግም። ከካሶኒው ሥር፣ ከኋላው አክስል በስተጀርባ በሻንሲው ሁለት ብረቶች መካከል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለዚሁ የተሠሩ ታንከሮችም አሉ። ሽታው ከጋቢናው ይጠፋል፣ ከወንበሩ ጀርባም ቦታ ታገኛለሽ። ታንከሩ ሲዛወር የነዳጅ ቱቦዎቹም አብረው ይለወጡ።

ቀበቶም እንዲሁ። ቮልቮ ባለ 3 ነጥቡን ቀበቶ በ1959 አውጥቶታል፤ የአንቺ መኪና ግን ከወገብ ቀበቶ አታልፍም። ትከሻሽን የሚይዝ ቀበቶ አስገጥሚ። ዋናው ነገር የሚታሰርበት ቦታ ነው፤ ባዶ ላሜራ ላይ በብሎን የታሰረ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ከበሩ ቋሚም ሆነ ከወለሉ ስር ወፍራም ብረት በባለሙያ ይበየድ። ብየዳ ቀለም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቀለሙ የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

መብራቱ ደብዛዛ ነው ያልሽው አምፖሉ ላይሆን ይችላል። በድሮው አሠራር የመብራቱ ኃይል በሙሉ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ማብሪያ በኩል፣ በረጅም ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ሞተሩን አስነሽ፣ መብራቱን አብሪ፣ ቮልቴጁን መጀመሪያ ባትሪው ላይ ቀጥሎ አምፖሉ ሶኬት ላይ ለኪ። ልዩነቱ ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ ኃይሉ በሚያልፍበት ሽቦና ማብሪያ ላይ ነው። ቮልቴጅ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። ከባትሪው አጠገብ ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ፣ እና ፊውዝ አስገብተሽ በወፍራም ሽቦ ብትወስጂው ማብሪያው ሪሌይዋን ብቻ ያዛል፤ እሱም ከመቃጠል ይድናል። ከሞተሩና ከጋቢናው ወደ ሻንሲው የሚታሰሩትን የነጋቲቭ ገመዶችም ፍቺና ብረቱን አጽድተሽ መልሰሽ እሰሪ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለውጡን ግን በመጀመሪያው ምሽት ታዪዋለሽ።

ሞተሩን ተዪው። ባለ 6 ሲሊንደሩ ከሠራ ይሥራ፤ ኃይል መጨመር ከፍሬንና ከመሪ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። የእሳት ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ፣ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን በሚያስነሳው ኮንታክት ፖይንት ፋንታ፣ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ብታስገቢ ግን እደግፍሻለሁ፤ የኮንታክት ፖይንቱን ክፍተት ከማስተካከል ትገላገያለሽ። ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በሌላ ምክንያት ከወረደ እርሳስ ለሌለው ቤንዚን የሚሆን ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ይግባለት፤ ለዚህ ብቻ ተብሎ ግን አይፈታ። በረጅም መንገድ ጩኸቱ ካስቸገረሽ ተጨማሪ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ከትልቅ ሞተር ይበልጥ ያሳርፍሻል። ያረጁ የጎማ ማስገቢያዎች (ጎሚኒዎች) እና ንዝረት የሚያበርዱ አሞርዛተሮች መለወጣቸውም አይቀርም።

የምታወልቂውን ሁሉ ስሙን ጽፈሽ በካርቶን አኑሪ፤ ማስተሩንም፣ የድሮውን ቸርኬም። ጭስ ማውጫውን እንደወደድሽ አድርጊው፣ እሱን አልከለክልሽም።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት የፊት እግሮቹን ቸርኬ አውልቀሽ ፎቶ አንሺልኝ፤ ማስተሩንም ከላይና ከጎን። ምን እንደሚገጥም አይቼ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ድረስ ሩቅ መንገድ አትውጪባት።

አባትሽ